ሜሮፔነም ያልገደለውን ባክትሪም ይገድለዋል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የደም ካንሰር አለባት። ኬሞ የጀመረችው አዲስ አበባ ነው። ከተመለሰች በኋላ ኃይለኛ ትኩሳት ስለያዛት እዚሁ ወሎ ሆስፒታል አስተኛናት። አንገቷ ላይ የመድኃኒት ቱቦ አለ። መጀመሪያ ሴፍትሪያክሶን ሰጧት፣ ቀጥሎ ሜሮፔነም። ትንሽ በረደላትና ትኩሳቱ ተመለሰ። የደም ካልቸሩ ስቴኖትሮፎሞናስ ማልቶፊሊያ የሚባል ባክቴሪያ አወጣ። ሐኪሙ ሜሮፔነሙን አቁሞ ባክትሪም አዘዘ፣ ያውም የሚዋጥ። ቱቦውም ይውጣ አለ። አጎቴ ‹ተስፋ ቆርጠውባት ነው፣ በርካሽ ኪኒን ሊሸኟት ነው› ብሎ አዲስ አበባ ሰው ልኮ ቫንኮማይሲን ሊያስገዛ ነው። ምን ላድርግ? በሽታውስ ወደ እኛ ይተላለፋል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አላህ ይማርልሽ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ማይክሮባዮሎጂ ነው። እናትሽን ስላላየኋቸው የሐኪማቸውን ቦታ አልወስድም። ስለ ባክቴሪያውና ስለዚያ የካልቸር ወረቀት፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ ስለሚለየው ምርመራ፣ ግን የምነግርሽ አለኝ። አጭሩ መልስ ይኼ ነው፦ ሐኪሙ ተስፋ አልቆረጡም። የካልቸሩን ውጤት አንብበው ለባክቴሪያው የሚሆነውን መድኃኒት ነው የመረጡት። ለአጎትሽ የቫንኮማይሲኑን ገንዘብ ያዝ አድርጉት በያቸው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ «ስቴኖ» እያልን እናሳጥረዋለን። የአሁኑን ስም ያገኘው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በሱዶሞናስ ወገን፣ ቀጥሎ በዛንቶሞናስ ወገን ተመድቦ ነበር። ውሃ ውስጥ፣ አፈር ውስጥ፣ የተክል ሥር ላይ ይኖራል። አንቺም እኔም ብዙ ጊዜ ነክተነው ይሆናል። ጤነኛ ሰው ላይ አቅም የለውም። አቅም የሚያገኘው ሰውየው ሲዳከም ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሴሉን ሲያወርድበት፣ ደም ሥሩ ውስጥ ቱቦ ሲገባለት፣ ሆስፒታል ብዙ ሲተኛ፣ በላዩ ላይ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚገድል ሰፊ አንቲባዮቲክ ሲጨመርበት። እናትሽ ላይ አራቱም ገጥመዋል።

ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው የጀሪካን ውስጡን በጣቱ ነክቶ ያውቃል። የሚያዳልጥ ነገር አለ። ያ ባዮፊልም ይባላል። ባክቴሪያዎች ተሰባስበው የሚሠሩት ሙጫ ነው፣ ራሳቸውን የሚሸፍኑበት። ስቴኖ በዚህ የተካነ ነው። የቧንቧ አፍ ላይ፣ የእጅ መታጠቢያው ማፍሰሻ ውስጥ፣ ኦክስጅን የሚያልፍበት የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይሠራዋል። አንገት ላይ ባለው ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥም ያንኑ ሙጫ ይሠራል። ቱቦው ይውጣ የተባለው ለዚህ ነው። መድኃኒት በደም የሚዋኘውን ባክቴሪያ ይገድላል፣ ሙጫው ሥር የተደበቀውን ግን ለማግኘት ይቸገራል። ቱቦው እስካለ ድረስ ትኩሳቱ ሄዶ ሊመለስ ይችላል። «ሌላ ደም ሥር አይገኝላትም» ብላችሁ ቱቦውን ለማትረፍ እንዳትሟገቱ። በእርግጥ ለአንዳንድ ሕመምተኛ ደም ሥር ማግኘት ከባድ ነው፣ እሱን ሐኪሙ ያመዛዝነዋል። ሲቻል ግን መውጣቱ የሕክምናው ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ሜሮፔነም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዋርድ ውስጥ የታመመ ያስታመመ ሁሉ አንድ ነገር በልቡ ይዞ ይወጣል። ሴፍትሪያክሶን ደህና ነው፣ ሜሮፔነም ከሱ ይበረታል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ አለ። መድኃኒት ሁሉ በደረጃ የተሰለፈ ይመስለናል። ዋጋውም ይህን ያጠናክራል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይሄድም። ሜሮፔነም ሰፊ መድኃኒት ነው፣ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል። ስቴኖን ግን አይገድልም። አላግባብ ስለተወሰደ ለምዶት አይደለም፣ ከተፈጥሮው ነው። ኤል1 እና ኤል2 የሚባሉ ሁለት ኤንዛይሞች አሉት። ኤል1 ከዚንክ ጋር ሆኖ ሜሮፔነምንና ኢሚፔነምን ይበጥሳል። ኤል2 ደግሞ የሴፍትሪያክሶንን ዘመዶች ይጨርሳል። ከዚህ ሌላ የገባበትን መድኃኒት እያወጣ የሚተፋ ፓምፕ አለው። ስለዚህ ጀንታማይሲንና አሚካሲንም እንደ ልብ አይሠሩበትም።

ትኩሳቱ መጀመሪያ በረድ ብሎ መመለሱም ከዚህ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ሜሮፔነም ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ሲያጸዳ ማሳው ለአንዱ አረም ብቻ ይለቀቃል። ከዚህ ባክቴሪያ ጋር በጥናቶች ደጋግሞ ከሚታዩት ምክንያቶች አንዱ ሕመምተኛው ቀደም ብሎ ሜሮፔነምን የመሰለ መድኃኒት መውሰዱ ነው። ይህን የምልሽ ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም። ኬሞ የወሰደ ሰው ነጭ ሴሉ ወርዶ ትኩሳት ሲይዘው ሰፊ መድኃኒት በአስቸኳይ መጀመር ግዴታ ነው። ካልቸር እስኪደርስ መጠበቅ ይገድላል። ትክክለኛው አካሄድ በሰፊው መጀመር፣ ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ወደሚሠራው መዞር ነው። ለእናትሽ የተደረገውም ይኸው ነው።

ቫንኮማይሲን ደግሞ ለዚህ ነገር ጭራሽ አይሆንም። ቫንኮማይሲን የሚሠራው ግራም ፖዘቲቭ በምንላቸው ላይ ነው፣ እነ ስታፊሎኮከስ ላይ። ስቴኖ ግራም ኔጌቲቭ ነው። ውጭውን የሸፈነ ተጨማሪ ሽፋን አለው፣ ቫንኮማይሲን ደግሞ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ያንን ማለፍ አይችልም። ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ባክትሪም የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊት ነውና እናትሽ አሁን የሚያስፈልጋቸው ደህና ኩላሊት ነው። አጎትሽ ወንድም ሆነው እህታቸውን ለማዳን ነው የሚሮጡት፣ ይገባኛል። ሐኪሙ ያላዘዙት ቫንኮማይሲን ግን የሚያተርፍላቸው ነገር የለም።

ስለዚህ ባክትሪም። ትክክለኛ ስሙ ኮትሪሞክሳዞል ነው። ሁለት መድኃኒት በአንድ ፍሬ ነው፦ ሰልፋሜቶክሳዞልና ትራይሜቶፕሪም። ባክቴሪያው ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን የሚሠራበትን መንገድ ሁለት ቦታ ላይ ይቆርጡታል። ፎሌት ከሌለ ዲ ኤን ኤ መሥራት አይችልም። የስቴኖ ኤንዛይሞች በዚህ መንገድ ላይ አይደርሱም። ኤል1ም ኤል2ም የሚበጥሱት የሜሮፔነምን ቤተሰብ እንጂ ይህን አይደለም። እንዲህ ስለሆነ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለው አሮጌ መድኃኒት ሜሮፔነም ያቃተውን ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ቡድን ያስቀምጣል። በየቦታው እንዲገኙ የሚፈለጉ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡ፣ ለመጨረሻ የሚቆጠቡ። ኮትሪሞክሳዞል መጀመሪያው ቡድን ውስጥ ነው፣ ሜሮፔነም ሁለተኛው ውስጥ። ቡድኑ የተሠራው መቼና እንዴት እንጠቀም በሚል እንጂ የትኛው ይበረታል በሚል አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ባክትሪምም ዋስትና አይደለም። የሚቋቋሙት ስቴኖዎች አሉ። ለዚህ ነው ካልቸሩ ላይ ያለው የመድኃኒት ምርመራ የሚታየው። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር መመሪያ ደግሞ ለከባድ ኢንፌክሽን ቢያንስ እስኪሻለው ድረስ ሁለት የሚሠሩ መድኃኒቶችን አብሮ መስጠት ይመክራል። ከባክትሪም ጋር ሊቮፍሎክሳሲን ወይም ሚኖሳይክሊን ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን «ሁለተኛ መድኃኒት ያስፈልጋታል ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂ ነውር የለውም። ሊቮፍሎክሳሲን ከታሰበ ለማቅለሽለሽ የሚወስዱትን መድኃኒት ንገሪያቸው። ሁለቱ ተደምረው የልብ ምት ላይ ችግር የሚያመጡበት ጊዜ አለ።

«ያውም የሚዋጥ» ያልሽው ነገር ብዙ ሰው የሚያስጨንቅ ነው። እኛ አገር መርፌ ካልሆነ ሕክምና አይመስለንም። ኮትሪሞክሳዞል ግን አንጀት ደህና እስከሠራ ድረስ ከተዋጠው ከ85 በመቶ በላይ ደም ውስጥ ይገባል። በደም ሥር ቢሰጥ የሚጨምረው ብዙ አይደለም። እናትሽ እየዋጡ ከሆነ፣ የማያስታውኩ ከሆነ፣ ተቅማጥ ከሌለ ኪኒኑ ይበቃል። ካስታወኩ ግን ቶሎ ተናገሪ፣ በተለይ ከዋጡ ብዙ ሳይቆዩ ካወጡት።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳያስደነግጥሽ። የፍሬው ብዛት። ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች ለመከላከያ በየቀኑ የሚሰጠውን ባክትሪም ሰፈር ውስጥ የሚያውቅ አይጠፋም። እሱ በቀን ባለ 480 ሚሊግራሙ ሁለት ፍሬ ነው። ለዚህ ባክቴሪያ ግን መጠኑ በክብደት ይሰላል፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ8 እስከ 12 ሚሊግራም ትራይሜቶፕሪም። 50 ኪሎ የሚመዝን፣ ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ባለ 480ውን በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ተኩል ፍሬ ሊደርስበት ነው። ተከፋፍሎ ይሰጣል። «ይሄ ሁሉ ኪኒን ባዶ ሆድ ይገድላታል» ብሎ ከመሐል የሚቀንስ ዘመድ ካለ አስቁሚው። ትንሽ ባክትሪም ለዚህ ሥራ አይረባም።

ነገር ግን መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ክትትሉም ከበድ ይላል። ፖታሲየም ደም ውስጥ ሊጨምር ይችላል። እናትሽ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር? ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሪ። እነሱም ፖታሲየም ይጨምራሉ። ኬሞው ውስጥ ሜቶትሬክሴት ካለ ደግሞ ይህ በጣም ከባድ ጉዳይ ነው። ከባክትሪም ጋር ተዳምሮ መቅኒን ሊያደርቅ ይችላል። የኬሞውን ወረቀት ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ከመጣችሁ አሳዩዋቸው። ሰውነት ላይ ሽፍታ፣ አፍ ውስጥ ቁስል፣ ዓይን መቅላት ካየሽ ንጋት አትጠብቂ። ቀድሞ በሰልፋ መድኃኒት ያበጡ ወይም የተላጡ ከሆነም አሁኑኑ ተናገሪ። በየጥቂት ቀኑ የደም ቆጠራ፣ ኩላሊትና ፖታሲየም መታየት አለበት። የአጎትሽ ገንዘብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ስለ ወረቀቱ፣ ይኼ የኔ መንደር ነው።

ካልቸር ማለት ከደም ሥር የተወሰደ ደም በጠርሙስ ሆኖ 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ባክቴሪያው እስኪያድግ መጠበቅ ነው። ለአዋቂ በጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል። «ደሟን ጨረሱት» የሚል አስታማሚ ሁሌም አለ። ደሙ ካነሰ ግን ባክቴሪያው ያመልጠናል። ባንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ እንኳ ላይኖር ይችላልና። ባክቴሪያው ጠርሙሱ ውስጥ ሲያድግ ምግብ ወዳለበት የላቦራቶሪ ሳህን እናዛውረዋለን። አንደኛው ሳህን የሚሠራው ከበግ ደም ነው፣ እሱ ደግሞ ወሎ ውስጥ አይቸግርም። የሚቸግረው ሌላው ነው፦ ጠርሙሱ፣ የምርመራ ዲስኩ፣ የማይቋረጥ መብራት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ ላቦራቶሪዎችም አብረው ተጎድተዋል። እዚህ አካባቢ ካልቸር ተሠርቶ የባክቴሪያው ሙሉ ስም ተጽፎ መውጣቱን ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪው።

ስቴኖ ሲታወቅም ያሳስታል። ሳህን ላይ ሱዶሞናስን ይመስላል። ኦክሲዴዝ የሚባለውን ቀላል ምርመራ ስንሠራ ሱዶሞናስ ቀለም ይቀይራል፣ ስቴኖ ግን በአብዛኛው አይቀይርም። ቀጥሎ ሌሎች ምርመራዎች አሉ። ይህን ያላየ ላቦራቶሪ «ሱዶሞናስ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ሱዶሞናስ ተብሎ ከተጻፈ ሐኪም ሜሮፔነሙን ይቀጥላል፣ ሕመምተኛው ላይ ደግሞ ምን እንደሚደርስ አንቺ አይተሽዋል።

ወረቀቱ ላይ የተመረመሩት መድኃኒቶች ሁለት ሦስት ብቻ ሆነው ካየሽ «ምርመራው ጎደሎ ነው» እንዳትዪ። ለዚህ ባክቴሪያ ዓለም አቀፍ መለኪያ የወጣላቸው መድኃኒቶች ራሳቸው ጥቂት ናቸው። ሜሮፔነም በዝርዝሩ ከሌለ ረስተውት አይደለም። እንዲያውም ሜሮፔነም ተመርምሮ «ይሠራል» ተብሎ ቢጻፍ ነው እኔ የምጠራጠረው።

«ምናልባት ደሙ ሲወሰድ ከቆዳ የገባ ይሆን?» የሚል ጥያቄ አንዳንዴ ይነሳል። ስቴኖ እንዲህ ሊያታልል ይችላል፣ በተለይ ጤነኛ በሚመስል ሰው ላይ አንድ ጠርሙስ ብቻ ሲያድግ። ኬሞ ላይ ባሉ፣ ቱቦ ባለባቸው፣ ትኩሳት ባላቸው እናት ላይ ግን እንደ እውነተኛ ነው የሚቆጠረው። ከቱቦውና ከክንድ የተወሰዱ ሁለት ጠርሙሶች ካሉ ደግሞ ሰዓቱን ማየት ይቻላል። የቱቦው ጠርሙስ ከክንዱ በሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ካደገ ጥፋቱ ከቱቦው ነው ማለት ይቻላል። ሕክምናው ከተጀመረ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ካልቸሩ ይደገም እንደሆነ ጠይቂ። ሁለተኛው ባዶ ከወጣ ከዚያ ይቆጠርና መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀጥላል። ትኩሳት ስለጠፋ ማቆም የለም።

መተላለፉን በተመለከተ አብሽሪ። በትንፋሽ አይመጣም። አብረሽ ብትቀመጪ፣ ብታቅፊያቸው፣ ምግብ ብታጎርሻቸው አንቺን አይይዝሽም። የሚያስፈራው በተቃራኒው ነው፣ ከእጅሽ ወደሳቸው ወይም ወደ ጎረቤት አልጋ መሄዱ። ከመንካትሽ በፊትም በኋላም እጅሽን ታጠቢ፣ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ማጽጃ ከሆነ ከ20 እስከ 30። ውሃ በተቋረጠ ቀን አልኮሉ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ክዳኑ የተከፈተ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን አልጋው ሥር አታስቀምጡ።

አሁን የኛን የወሎን ነገር ልንካ፣ ቅር አይበልሽ። እኛ ሰው ሲታመም ተጠራርተን ነው የምንመጣ። ሸሁም ቄሱም ይመጣሉ፣ ወዳጃውም ይደረጋል። ጥሩ ነው፣ ሰው በሰው ይድናል። ነጭ ሴላቸው እስኪመለስ ግን ዱዓው ቤት ይደረግ፣ ጠያቂ አንድ አንድ ይግባ። ጸበል ይዞ የመጣ ካለ ቱቦው በነበረበት አንገት ላይና መርፌ በተተከለበት እጅ ላይ አይፈስ። ዘምዘምም እንደዚሁ። የሚጠጣ ውሃ ሁሉ ተፈልቶ ይሁን፣ የጸበሉን ነገር ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪሙን አማክሩ። ቄጤማ፣ ጤና አዳም፣ ከነአፈሩ የተነቀለ ነገር ትራስ ሥር አይግባ። ባክቴሪያው የሚኖረው አፈርና የተክል ሥር ላይ ነው ብዬሻለሁ። ሰላጣና ጥሬ አትክልትም ለጊዜው ይቅር።

ደረቅ እውነት ከፈለግሽ፣ ይህ ኢንፌክሽን ከባድ ነው። በሕክምና ጽሑፎች የሚወጣው የሞት መጠን ከ14 እስከ 69 በመቶ ይለያያል። ይህን ያህል የሚራራቀው በዋነኝነት ሰዎቹ ስለሚለያዩ ነው፦ ካንሰሩ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ፣ ነጭ ሴሉ ቶሎ መመለሱ፣ ቱቦው መውጣቱ፣ የሚሠራው መድኃኒት መቼ እንደተጀመረ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን፣ ቱቦውንና መድኃኒቱን፣ ሐኪማችሁ ይዘዋቸዋል። ሦስተኛው፣ ነጭ ሴሉ፣ በቆጠራ ይታያል። በየቀኑ ቁጥሩን ጠይቂ።

ለቀጣዩ ኬሞ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ የካልቸሩን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፣ ዋናውንም ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ትኩሳት ቢነሳባቸው ተረኛው ሐኪም በሌሊት የሚያየው የመጀመሪያ ነገር እሱ ይሁን፣ አለበለዚያ በሜሮፔነም ብቻ እንደገና ሊጀምር ይችላል። ወረቀቱ ላይ ስሙ በግልጽ ካልተነበበ ላቦራቶሪው በታይፕ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ፣ ይሰጣችኋል።